ጎሾቹና «አንዳንድ ግለሰቦች»

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

ተሸነፍን። አርባ አንድ ለስድስት። ሰባት ጨዋታ፣ ሰባት ሽንፈት... አቋማችን ዝንፍ አላለም።

ከጠዋት ሺፍት ወጥቼ፣ አውቶቡሱን አስረክቤ፣ በቀጥታ ስታዲየም። ኑራ ስልክ ላይ «ዛሬም ልትሸነፍ ነው?» አለችኝ። ባለቤቴ በራግቢ አታምንም። ራግቢን ያመጣችብን ግን የእሷው የእህት ልጅ ናት። ፀደይ ለከተማው ራግቢ ክለብ ለጎሾቹ ፊዚዮቴራፒስት ሆና ከተቀጠረች ጀምሮ በየጨዋታው ስድስት ነጻ ወንበር ይሰጧታል። ነጻ ነገር የሚጠላ ሐበሻ በእኛ ሰፈር በሞርስ ሮድ ስላልተገኘ፣ ደጋፊ ሆንን። ደጋፊ በሆንን በሁለተኛው ሳምንት ማኅበር አቋቋምን። ሊቀመንበር ጋሽ ቶሎሳ፣ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ። ጸሐፊ እኔ። አባላት እትዬ ሙሉወርቅና ሩፋኤል። የቀሩት ሁለት ወንበሮች የካፖርት ናቸው።

ሕጉ እስካሁን በቅጡ አልገባንም። ኳስ ወደ ኋላ ብቻ እያቀበሉ ወደ ፊት መሄድ... ይህን ከማኅበር ኑሮ እናውቀዋለን። ደግሞ ስምንቱ ከስምንቱ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥሞ ይገፋፋል፤ ኳሱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ ሲያበቃ ሁሉም ጭቃ ለብሶ ይነሳና ዳኛውን ያያል። ይህንንም እናውቀዋለን።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

የተለመደው ምግብ ቤት። አጀንዳ፦ ጎሾቹ ለምን ይሸነፋሉ? ሦስት ሰዓት ተወያየን።

ሩፋኤል መጋዘን ውስጥ ስለሚሠራ ሁሉን ነገር ይቆጥራል። «በሰባት ጨዋታ መቶ ሠላሳ ታክል፣ ማለት ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል፣ ስተናል» አለ።

«እናንተ ልትስቱ ትችላላችሁ፤ እኔ አንድም አልሳትኩም» አሉ እትዬ ሙሉወርቅ። እውነታቸውን ነው። አረጋውያን ይንከባከባሉ፤ ዘጠና ኪሎ ሰው ከአልጋ ብቻቸውን ያነሳሉ። ከመሃላችን መጫወት የሚችል ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወደ ካፕቴኑ ሄድን። ማይልስ የአሠልጣኙ የኮች ደንከን የሚስቱ ወንድም ነው። ልምምድ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። «ይሄ እኮ ቡድን አይደለም» አሉ እትዬ ሙሉወርቅ፣ «የመልስ ድግስ ነው።»

ጋሽ ቶሎሳ መነጽራቸውን አውልቀው ፍርድ ሰጡ፦ «ችግሩ የባህል ነው።»

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ባህል ሲባል ይነቀነቃል።

ሐሙስ፣ ሜይ 1

ፀደይ ራት በላች እኛ ጋ። ከስታለች። እጅ ስንታጠብ ቀስ ብላ፦ «ጋሼ፣ ከአንተ አይውጣ...»

ነገሩ ባህል አይደለም። የቆሰለ ቡድን ነው የሚያጫውቱት። አምስት ልጅ ተጎድቷል። በየሳምንቱ «አይጫወት» ብላ ሪፖርት ትጽፋለች፤ ደንከን በየሳምንቱ ይፈርምና ያጫውታቸዋል። «አንዱ እጁን ቢያጣ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለች። «ይሄን ሥራ ለማግኘት አራት ዓመት ነው የደከምኩት ጋሼ። ግን ዝም ልል አልችልም።»

ከእኔ አይወጣም አልኳት።

አርብ፣ ሜይ 2

ወጣ። ለሦስት ሰው ብቻ ነው ግን። እሱም ለሥራ አስፈጻሚው።

እሁድ፣ ሜይ 4

ትናንት ስምንተኛ ሽንፈት። ዛሬ ለክለቡ ባለቤት ለሚስተር ክሌትስ ደብዳቤ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አርቃቂ፦ እኔ።

ክርክሩ አንድ ነገር ላይ ተሰነቀረ። የደንከን ስም ይጠራ ወይስ አይጠራ?

እትዬ ሙሉወርቅ፦ «ይጠራ እንጂ! ካልተጠራ ለማን ነው የምንጽፈው፣ ለደመናው?»

ጋሽ ቶሎሳ፦ «ነውር ነው። የሰው እንጀራ ነው። ስሙ አይጠራም።»

ሩፋኤል፦ «ስሙን ከጠራን ማን ነገራችሁ ይባላል። ፀደይ ናት ይላሉ።»

ይሄኛው አሳመነኝ። ማለት... አሳመነኝ ብዬ ልጻፍ። እውነቱን ካወራን ዓረፍተ ነገሩ ቀድሞ መጥቶልኝ ነበር፤ አማረኝ፦ «አንዳንድ ግለሰቦች በክለቡ ባህል ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ሥር ከመስደዱ በፊት አስፈላጊው የእርምት እርምጃ ይወሰድ ዘንድ በታላቅ አክብሮት እያሳሰብን...» ቀበሌ ያሳደገው ብዕር! «አንዳንድ ግለሰቦች» ዐሥራ አንድ ጊዜ ገባ። ማንንም አይነካም፣ ሁሉንም ያስፈራል።

ልጄ ቢታንያ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልን። ኮሌጅ የገባች ልጅ ለመቼ ነው? ግማሽ ላይ ቆመችና በእንግሊዝኛዋ፦ «ዳድ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«የሚመለከታቸው ያውቃሉ።»

«ማንም አያውቅም።»

ልጅ ናት። የአጻጻፍ ጥበብ ገና አልገባትም።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ክለቡ ደብዳቤያችንን በገጹ ላይ ለጠፈው! ሙሉውን! አራት መቶ ሰው ላይክ አድርጎታል። ሥሩ የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበብኩ። አንዱ «ቢራ ሻጮቹን ማለታቸው ነው» ይላል። አንዱ ዳኞቹን። አንዲት ሴትዮ የጎሽ ልብስ ለብሶ የሚጨፍረውን ሰውዬ። ሁሉም የየራሱን ጠላት አገኘበት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በየቀኑ አይጻፍም።

ከሰዓት በኋላ ኮች ደንከን ራሱ ቪዲዮ ላይ ቀረበ። ፊቱን አኮሳትሮ፦ «ደጋፊዎቻችን ልክ ናቸው። አንዳንድ ግለሰቦች ይህን ቡድን እየጎዱት ነው። አልታገሥም።»

አጨበጨብኩ እንዴ?... ኑራ አይታኛለች። አዎ፣ አጨበጨብኩ።

ሰኞ፣ ሜይ 12

ክለቡ መግለጫ አወጣ። «የባህል ለውጡ ተጀምሯል።» ሁለት ሰው ተሰናበተ። አንደኛው ማልያ የሚያጥቡት ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ፀደይ።

ኮል ያደረገችው ለኑራ ነው፤ ኑራ ስፒከር ላይ አደረገችው። የፀደይ ድምፅ ደህና ነበር። እሱ ነው የባሰው። «ከቡድኑ ጋር የማይሄድ አሉታዊ አመለካከት» አሏት። አሉታዊ የተባለው «አይጫወት» የሚለው ነው መቼም።

ከዚያ፦ «ጋሼ አለ?»

«አለሁ።»

«ደብዳቤውን አየሁት። ጋሼ... አንዳንድ ግለሰቦች የተባልኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

አይደለሽም አልኳት።

«ታዲያ ማን ነው?»

መልሱ አንድ ስም ነበር። አንድ። አፌ ላይ አልመጣም። ከዐሥራ አንድ ጊዜው አንዱን ጊዜ እንኳ...

ማክሰኞ፣ ሜይ 13

ኑራ ዛሬ የተናገረችኝ ብቸኛ ነገር፦ «ስኳር አልቋል።»

ረቡዕ፣ ሜይ 14

አስቸኳይ ስብሰባ። ጋሽ ቶሎሳ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንደሚታወቀው አንዳንድ ያልተጠበቁ ሁኔታዎች ተከስተዋል...»

የራሴ ዓረፍተ ነገር ኮፍያ አድርጎ ሲመጣ ያየሁ መሰለኝ። እንዲህ ነው ለካ የሚሰማው።

ሩፋኤል ሁለተኛ ደብዳቤ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበ። «የሚመለከታቸው አካላት ጉዳዩን...»

«አካል! ደግሞ አካል መጣ!» እትዬ ሙሉወርቅ ጠረጴዛውን መቱት፤ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። «ያቺ ልጅ ቁጭ ብለን እንድናይ ወንበር ሰጠችን። እኛ ምን አልናት? አንዳንድ! አንተም ሳላሃዲን፣ ምላስህ ለቀልድ ሲሆን እንደ ሳንጃ፣ ለቁም ነገር ሲሆን እንደ ጥጥ!»

ጋሽ ቶሎሳ «እባካችሁ፣ ስም እየጠራን አንወቃቀስ» አሉ።

ያለ ውሳኔ ተበተንን። ወደ ኋላ እያቀበልን።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ጎሾቹ ዛሬ ይጫወታሉ። አልሄድኩም። ዋይትሆል ሄድኩ፣ ፀደይ አፓርትመንት።

በር ላይ ቆማ ትንሽ አየችኝ። አስገባችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። እሱን ታውቃለች።

«ከአንተ አይውጣ ብዬህ ነበር።»

«ወጣ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለሦስት።»

«እና አራታችሁም ማን እንደሆነ እያወቃችሁ ነው አንዳንድ ያላችሁት?»

አንቺን ላለማስነካት ነው ልል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ሌላኛው ግማሽ ግን ዓረፍተ ነገሩ ማማሩ ነው... ነገርኳት። ይህን ስነግራት ከምንም በላይ አፈርኩ።

ብርጭቆውን ከፊቴ አነሳችና፦ «እኔ ስም ጽፌ ነው የተባረርኩት ጋሼ። በየሪፖርቱ ሥር የእኔ ስም አለ፣ ቀኑ አለ፣ የደንከን ፊርማ አለ። አንተ ደግሞ ስም ሳትጽፍ አባረርከኝ።»

ቀልድ ነው ብዬ ቀና አልኩ። አይደለም።

«አሁን ልጻፍ?» አልኳት። «የደንከንን ስም?»

«የልጆቹን ጉዳት እንዳታወራ። እሱ የእነሱ ነው። ሪፖርቶቹ ይከፈቱ በል፣ በቃ።» በሩ ጋ ስደርስ፦ «ደግሞ ከደንከን በፊት የሚጻፍ ስም አለ።»

አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ ሜይ 22

ክለቡ የባህል ለውጡን አስመልክቶ ከደጋፊዎች ጋር ውይይት ጠራ። ነጻ ፒዛ አለ። ሚስተር ክሌትስ መሃል፣ ደንከን በቀኝ፣ ተጫዋቾቹ ግድግዳውን ተደግፈው። ጋሽ ቶሎሳ ጉንፋን ይዞኛል ብለው ቴክስት አደረጉ። በሜይ መጨረሻ ጉንፋን...

እጄን አወጣሁ። ቢታንያ አጠገቤ ቆማ ተረጎመች። እኔም እንግሊዝኛ አላጣሁም፤ አንድም ቃል እንዳይድበሰበስ ብዬ ነው።

«ሳላሃዲን እባላለሁ። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማለት የፈለግሁት ኮች ደንከንን ነበር፤ ስሙን አልጠራሁም። ባለመጥራቴ ሥራዋን በትክክል የሠራችው ፀደይ ተባረረች። ሪፖርቶቿን አውጡና ከሥር የማን ፊርማ እንዳለ አንብቡ።»

አምስት ዓረፍተ ነገር። «በታላቅ አክብሮት» የለበትም። ረስቼው አይደለም።

ደንከን የያዘው ፒዛ በአየር ላይ ቀረ። ማይልስ ራሱን አቀርቅሮ ግራ ትከሻውን በቀኝ እጁ ያዘ። ሚስተር ክሌትስ ፈገግ ብሎ «እንዲህ ያለውን ነገር በግል ብንነጋገርበት...» ሲል፣ እትዬ ሙሉወርቅ ከኋላ በአማርኛ፦ «ስታባርራት በግል ነበር? በኢንተርኔት አይደለም እንዴ ያወጅከው!»

ቢታንያ ሳትጠየቅ ተረጎመችው። አንዲት ቃል አላስቀረችም። የእኔ ልጅ።

ከግድግዳው በኩል አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሦስት አራት። ከተጫዋቾቹ።

ቤት ስገባ ኑራ እራት አቅርባ ጠበቀችኝ። «እንዴት ነበር?» አለችኝ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ጥያቄ። ስኳር የሌለባት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

ሁለት ኢሜይል።

አንዱ ለእኛ። ስድስቱ ወንበሮች «ለሌላ አገልግሎት ተፈልገዋል»። ለምን፣ በማን... አልተጻፈም። አጻጻፉን አደነቅሁ።

ሌላው ለፀደይ። ኮል አድርጋ አነበበችልኝ። ወደ ሥራዋ ልትመለስ ትችላለች፤ በቅድሚያ ግን አንድ ወረቀት ትፈርማለች፦ «በመካከላችን አንዳንድ አለመግባባቶች ተፈጥረው እንደነበር...»

«ምን አልሻቸው?»

«ማን ከማን ጋር ነው ያልተግባባው ብዬ ጻፍኩላቸው።»

መልስ አልመጣም። እንደማይመጣ ታውቃለች። ኒር ኢስት ሳይድ ያለ አንድ ክሊኒክ ከሰኞ ጀምሮ ይቀጥራታል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮዎች። «ቢያንስ ተቀመጡ ስላቸው ይቀመጣሉ» አለች። ሳቀች። ከዚያ፦ «ሜዳው ግን ይናፍቀኛል ጋሼ።»

አልቀለድኩም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 31

ጨዋታውን እኛ ሳሎን አየነው። እትዬ ሙሉወርቅ፣ ሩፋኤል፣ ቢታንያ፣ «በራግቢ አላምንም» የምትለዋ ኑራ፣ ፀደይ።

ፀደይ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። የክለቡ ሠራተኛ ስለነበረች ሜዳ ዳር አፏን ዘግታ ነበር የምትቆመው። ዛሬ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆና፦ «ደንከን! ዐይንህ የለም? ያነክሳል እኮ፣ አውጣው! ደንከን!» ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። ይስማ። ማይልስ ዛሬ አልተሰለፈም። ራሱ «ትከሻዬ ሳይድን አልጫወትም» ብሎ ነው ይባላል። ማን አለ? ሩፋኤል። ሩፋኤል ብሎ ነው።

በእረፍቱ ላይ በር ተንኳኳ። ጋሽ ቶሎሳ። ካርቶን ሙሉ ማንጎ ታቅፈዋል፤ ከፊታቸው የሚታየው መነጽሩ ብቻ ነው። ፀደይን ሲያዩ ቀጥ አሉ፣ እንደ ስብሰባ መክፈቻ።

«ልጄ ፀደይ... በእኛ በኩል አንዳንድ...»

ቆሙ። ማንም አልረዳቸውም። እትዬ ሙሉወርቅ እንኳ ዝም አሉ፤ ለታሪክ ይመዝገብ። ማንጎው ከበዳቸው መሰለኝ፣ ካርቶኑን አስተካክለው ያዙ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ስሙ አይጠራ ያልኩት እኔ ነኝ። ቶሎሳ።»

ፀደይ ተነስታ ካርቶኑን ተቀበለቻቸው። መሬት ላይ አስቀመጠችውና ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለች። «ሠላሳ አንድ ለሦስት እየተመራን ነው።»