መጀመሪያ ፍሬኑ ብዬህ ነበር

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
እሑድ፣ ግንቦት 2017

ውድ ወንድሜ አብኔር፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚያ ስለሚጀመር ነው እንጂ ዛሬስ አንጀቴ አሯል። እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም። አዲስ አበባ እሱ ቤት መሸሸግህን አጎታችን ተሰማ ራሱ ለእማዬ ደውሎ ነግሯታል።

ከአደጋው በኋላ በዘጠነኛው ቀን የላክልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። «እትዬ፣ ቱርቦው ተርፏል? ሱሌማን እንዳይነካው ንገሪው» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከኋላህ ወንበር ስለተቀመጠችው ነርስ፣ ስለ ኛቢየል፣ አንድ ቃል የለም።

መኪናዋን ስንገዛ ቆጣሪዋ ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። አሮጌ ናት ስልህ «ሞተሯ አልተነካም» አልክ። ብድሩን ከቁጠባ ማኅበሩ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በአስተማሪነት ደመወዜና እማዬ ባስያዘችው የቤት ካርታ። አንተ የስደተኞች ካምፕ ሠራተኞችን ኩሌና ትየርኪዲ ታመላልሳለህ፣ ከኪራዩ ብድሩ ይከፈላል፣ በአምስት ዓመት መኪናዋ ያንተ ትሆናለች። ለራሴ ምንም አልፈለግኩም።

ከዚያ የምትገጥምላትን ዕቃ የዘረዘርክበት ደብተርህ መጣ። ከቸርች ስንመለስ በረንዳው ላይ ዘርግተህ አሳየኸኝ። ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ፣ ሰፋፊ ጎማ ከነቸርኬው፣ ከፍ ያለ ባሌስትራ፣ የሚያጓራ ማርሚታ።

«ፍሬኑስ የት አለ?» አልኩህ።

«እሱ ምን ችግር አለው? ይይዛል እኮ።»

«ሱሌማን ሸራው አልቋል ብሏል። ዘይትም ያንጠባጥባል።»

«እሱ የድሮ መካኒክ ነው፤ ሁሉን ነገር ይፈራል።»

«ይህን ያህል የሮጠች መኪና ናት፣ ያውም ብድሯ ያላለቀ። መጀመሪያ ፍሬኑ፣ አብኔር!»

ሳቅክና ግንባሬን ሳምከኝ። «እሺ እትዬ፣ መጀመሪያ ፍሬኑ» አልክ። ከእቁቤ የወጣውን ገንዘብ ሰጥቼ መለዋወጫ እንድትገዛ አዲስ አበባ ላክሁህ። ቱርቦና ቸርኬ ይዘህ መጣህ።

ያን ቀን መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። ሱሌማን አልገጥምም ሲልህ ሌላ ጋራዥ አስገጥመህ፣ በአቦቦ መንገድ ይዘኸኝ ወጣህ። ነዳጁን ስትረግጠው መኪናዋ ተወረወረች፤ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፤ እንደ ልጅ ሳቅሁ። «ጨምር!» አልኩህ። ተማሪ በኮሪደር ሮጠ ብዬ የምቆጣው እኔ፣ «ጨምር» አልኩ። ስንመለስም ስለ ፍሬኑ ሳልጠይቅህ ገባሁ። ይህን ደብቄ አንተን ብቻ ብወቅስ ውሸታም እሆናለሁ። ግን እኔ ዝም ብዬ አንተ ሁለት ወር ሙሉ ሰው ጫንክባት። በየቀኑ የፍሬኑ ፔዳል ከእግርህ ሥር ሲለሰልስ እየተሰማህ።

እስከ መገልበጡ ድረስ የሆነውን የነገረችኝ ኛቢየል ናት። ከኩሌ ወደ ከተማ ስትመጡ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ከብት አለ» አለችህ።

«አትፍሪ፣ ይቺ መኪና እንደ ድሮዋ አይደለችም» አልካት።

ከኢታንግ ወዲህ ከብቶቹ መንገድ ሲገቡ ፍሬን ረገጥክ፤ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። መኪናዋ ቦይ ገብታ ተገለበጠች። አንተ በመስኮት ወጣህ። እሷ እግሯ ወንበር ሥር ተይዞ ስትጣራ ሰማህ። ዞር ብለህም አይተሃታል። ከዚያ አንድ ሞተር ሳይክል አስቁመህ፣ ተፈናጥጠህ ሄድክ። ጎትተው ያወጧት የከብቶቹ ባለቤቶች ናቸው፤ ጥለሃት መሄድህን አይተው የነገሩኝም እነሱ ናቸው።

ሆስፒታል ስገባ ጭኗ በብረት ታስሮ ነበር። ፊቷን ማየት አፈርኩ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰለህ?

«ወንድምሽ አለ? እኔ ሞተ ብዬ አለቀስኩ።»

«አለ» አልኳት።

«ጌታ ይመስገን» አለች።

ብትሰድብህ ይቀለኝ ነበር። 

ቱርቦህን ሸጬዋለሁ፤ ቸርኬዎቹንም። ፈትቶ ገዢ ያገኘላቸው ሱሌማን ነው፤ ገንዘቡ ለኛቢየል ሕክምና ገባ። ሐኪሙ በእግሯ ትሄዳለች ብሏል፤ እንደ ቀድሞው ይሁን አይሁን ግን አያውቅም። እማዬ «ልጄ ደንግጦ ነው» ትላለች። እኔም ስትደነግጥ ሰው ጥለህ እንደምትሄድ አወቅሁ።

ለፊታችን ዓርብ ትራፊክ ፖሊስ ቃሌን ሊቀበል ጠርቶኛል። የማውቀውን በሙሉ እናገራለሁ፤ ሱሌማን ያስጠነቀቀህንም፣ እኔ «ጨምር» ያልኩትንም። የት እንዳለህ ከጠየቁኝ የአጎታችንን ቤት እነግራቸዋለሁ። እማዬ እጄን ይዛ ለመነችኝ። አልዋሽም አልኳት።

ይህን ደብዳቤ የሥራ ባልደረባዬ ወንዳፈረው ነገ ጠዋት ይዞት ይነሳል፤ ማክሰኞ በእጅህ ይሰጥሃል። ረቡዕ ወደዚህ አውቶቡስ አለ። በራስህ እግር ከመጣህ ዓርብ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ፤ አብረን እንገባለን። ካልመጣህ ብቻዬን እገባና ስምህን ከነአባትህ አስመዘግባለሁ።

እህትህ
አቢጋኤል