አያ ዓለምብርሃን ማኅተሙን ያስረከቡ ዕለት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለክንዱ፤ ድሬዳዋ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ትሕትናና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል። እማዬም ጉልበቷ ቢያስቸግራት እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ለፋሲካ ወደ አንተ ስለ መምጣቷ የጠየቅከውን ከታች ታገኘዋለህ፤ እስከዚያ ታገሠኝ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ዛሬም አልገባህም አሉ። እኔም ለማስረዳት ይቸግረኛል። የእርዳታ ድርጅቶች አማካሪ ብለው ይቀጥሩኛል፤ ማኅበራት መሪያቸውን እንዴት እንደሚመርጡ፣ ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉ አሠለጥናለሁ። ጎዴም አዋሳም ሠርቻለሁ። ዘንድሮ ግን ዕጣዬ የገዛ ቀበሌያችን ላይ ወደቀ። እናቴ የማኅበሩ አባል ናት ብላቸውም አገሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ ብለው ላኩኝ። ጎረቤቶቻችንማ ለማውራት ብቻ ደመወዝ እንደሚከፈለኝ ሲሰሙ ሳቃቸው አላባራም።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ድርጅቱ ለገበሬዎች ማኅበራችን ወፍጮ ሊተክል ቃል ገብቷል፤ እናቶች እህል ተሸክመው ቡሬ ከተማ ድረስ መመላለሱ ሊቀርላቸው ነው። ማኅበሩ መሪ መቀየር ካልቻለ ግን ወፍጮው ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል አሉ። አያ ዓለምብርሃን ደግሞ ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ሊቀመንበር ናቸው፤ ማኅተሙ ከኪሳቸው ወጥቶ አያውቅም።

እኔም በተማርኩት መንገድ ሄድኩ። አባላቱን ዙሪያውን አስቀምጬ የመሪያቸውን ጉድለት በግልጽ እንዲናገሩ ጠየቅኋቸው። አይ የኔ ነገር! የጎጃም ሰው ሽማግሌን ፊት ለፊት ሊነቅፍ! አንዱ ተነሥቶ መረቃቸው፣ ሌላው አመሰገናቸው፣ ሦስተኛው ጭራሽ ዕድሜ ልካቸውን እንዲመሩ ለመነ። ሲወጡ ግን እየተጠጉ፣ አያ ዓለምብርሃን ደክመዋል፣ ቢያርፉ ደግ ነበር ይሉኛል። ወፍጮው እያየሁት ሊሄድብኝ ነው።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ይልቀቁ ብዬ እንዴት እንደምጠይቃቸው ሳወጣ ሳወርድ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ እኔማ ከደከመኝ ቆየሁ። ተረካቢ ሳይኖር ብተወው ያኮረፍኩ ይመስልብኛል ብዬ ነው» አሉኝ።

ወይ ይሉኝታ! እሳቸው ሰውን፣ ሰውም እሳቸውን ላለማስቀየም ሲል ይህን ሁሉ ዓመት ተፋጠው ኖረዋል።

የሥልጠና ወረቀቴን አጣጥፌ አስቀመጥኩና መላ ዘየድኩ። በጽዋ ማኅበር ጽዋውን ያስረከበ ሰው ተሻረ አይባልም፤ ተረኛውም አልቀበልም አይልም። ማኅተሙንም እንደ ጽዋ ያስረክቡ አልኩ፣ ደስ አላቸው። ከአስተርእዮ ማርያም ማግስት ሰው ሁሉ ተሰበሰበ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ቄሱም ጸሎት አደረሱ። አያ ዓለምብርሃን ማኅተሙን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙና ተረካቢዬን ጥሩልኝ አሉ። ለመንቀፍ ተሸብቦ የነበረው አፍ ለመምረጥ ሲሆን ተከፈተ። ሁሉም የጠሩት አንድ ስም ነበር፤ የእማዬን!

 እሷም ብድግ ብላ፣ ማኅተሙን ተሳልማ ተቀበለችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ሴቶቹ በእልልታ አቀለጡት። ድርጅቱም ተስማምቷል፤ ወፍጮው ከፋሲካ በኋላ ይተከላል።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ የጥያቄህ መልስ ይኸው ነው፤ እማዬ አትመጣም። ስንት ጊዜ እንደጠበቅካት ስለማውቅ ሆዴ ባብቷል፤ የደስታውም የቅሬታውም ምክንያት እኔው ነኝ። ምን ብዬ ልጻፍለት ብላት መልሷ ይህ ነው፦

«እኔ የሰው አደራ ይዣለሁ በይው። እናቱን ካለ እሱ ይምጣ።»

ትሕትናን፣ ትልቁን ደጀኔን፣ ትንሿንም ታንጉትን ለየብቻቸው ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አያ ዓለምብርሃን፣ ዕረፍት አግኝቻለሁና እኔንም መጥቶ ይጠይቀኝ ብለውሃል። የእማዬን ሰላምታ ግን አልላክሁልህም። ሲመጣ በእጄ እሰጠዋለሁ ብላ አስቀርታዋለች።

እህትህ ያምሮት
ቡሬ፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፺፯ ዓ.ም.