በራችን የተዘጋበት ሰሞን

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ይህን መጻፍ ነውር ይሆን? ማንም አያየውም ብዬ ነው... ኮሮና ከመጣ ወዲህ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

በሽታው አይደለም ደስ ያሰኘኝ። አላህ ያውቃል። መሳሳሙ መቅረቱ ነው። ድሮ ከቤት ወጥቼ ቧንቧው ጋ እስክደርስ ግማሹ ግቢ ይስመኛል። “ይቺ ልጅ ግን አፍ የላትም እንዴ?” ይላሉ። ፊቴ ይግላል። አሁን ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሩቅ ያልፋል። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፋለሁ። አለቀ።

ዛሬ እንደ ሁልጊዜው ነው። ውሃ ቀዳሁ። ልብስ አጠብኩ። ጾሙ ከበደኝ፣ ትንሽ ጋደም አልኩ። አባዬ ቤት ዋለ። አስም አለበት። ሶማሌ ተራ መጋዘን ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የጆንያ አቧራ ሲስብ ነው የኖረው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ “ይሄ በሽታ ለእርስዎ ደረት አይሆንም። ቤት ይቀመጡ፣ ሰውም አይግባብዎት” ብላዋለች። ሰው አይግባብዎት... የእኛን ግቢ አታውቀውም።

ወንድሜ ሙናዊር ዱባይ ተራ ጫማ ይሸጣል። በሽታ ይዤባችሁ እንዳልመጣ ብሎ ሱቁ ውስጥ ማደር ጀምሯል። ቤት የቀረነው እማዬ፣ አባዬ እና እኔ ነን።

ካፈጠርን በኋላ እማዬ “ከነገ ጀምሮ በሩን እንዘጋለን” አለች።

“በቀን?” አለ አባዬ።

“በቀን።”

እኛ ግቢ በር በቀን የሚዘጋው ወይ ጎረቤት ሲጣላ ነው፣ ወይ ቤት ውስጥ ክፉ ነገር ሲኖር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

ቤቱ ጨለመ። ሙቀቱ... መስኮታችን አንዲት ትንሽ ናት። አባዬ ከሥሯ አልጋው ላይ ተቀምጦ የጎረቤት እርምጃ ያዳምጣል። “ይሄ ኪዳነ ማርያም ነው፣ ጫማውን ይጎትታል።” “ይቺ ፋኢዛ ናት፣ ልጆቿን እየተቆጣች።” እንደዚህ ሲውል ያሳዝነኛል።

ቧንቧው ጋ እትዬ ሸዋገነት አገኙኝ። ቤታቸው ከእኛ ፊት ለፊት ነው። ባለቤታቸው ጋሼ ጥላሁን ከአባዬ ጋር የተዋወቁት እኔ ሳልወለድ ነው።

“ምን አስቀየምናችሁ ልጄ?”

“ኧረ ምንም...”

“ታዲያ በሩ?”

መልሱን አውቀዋለሁ። የአባዬ ደረት። ነርሷ ያለችው። ሁሉንም አውቀዋለሁ። ግን ጀሪካኑን ሳይሞላ አንስቼ መጣሁ። አሁን ምን ይላሉ? ተጣሉን? ኮሩብን?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

እማዬ አስተካክላለሁ ብላ አባባሰችው። ጠዋት ለእትዬ ሸዋገነት “ኧረ ጥል አይደለም፣ የአብደላ ደረት ነው” አለቻቸው። ይህን ብቻ።

ደረቱ ነው ማለት ታሟል ማለት ሆነ። በር እስኪዘጋ ከታመመ ደግሞ ጠንቶበታል ማለት ሆነ። የታመመ ሰው ሳይጠየቅ ይታደራል እንዴ? ከሰዓት በኋላ መጡ። እትዬ ሸዋገነት ብርቱካን ይዘው። ጋሼ ኪዳነ ማርያም ባዶ እጄን መጣሁ እያሉ። ፋኢዛ ለማፍጠሪያ የሚሆን ሾርባ በፔርሙዝ አንጠልጥላ፣ ልጆቿን አስከትላ።

እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ “በር ላይ ቁሚና ተኝቷል በያቸው” አለችኝ። ቆምኩ። አፌንም ከፈትኩ። ከዚያ... ጎኔን ሰጥቼ አሳለፍኳቸው። ሁሉንም። አልጋው ላይ፣ ዱካው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ሞሉት። ጋሼ ኪዳነ ማርያም ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱና የአባዬን እጅ ያዙ።

“ምንህን ነው አብደላ?”

“ኧረ ደህና ነኝ!”

“እንዲያ አትበል። የታመመ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው።”

“ወላሂ ደህና ነኝ። እንዳልታመም ብለን ነው የዘጋነው።”

“አይዞህ፣ አይዞህ...”

ደህና መሆኑን ባስረዳ ቁጥር የበለጠ አዘኑለት። ፋኢዛማ ዓይኗን ጠረገች።

ሲሄዱ እማዬ ወለሉን በበረኪና አጠበች። የበሩን እጀታ፣ ዱካውን፣ ፔርሙዙን ሳይቀር። አልተቆጣችኝም። አላየችኝምም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 25

አባዬ ሲያስል ሁላችንም ዝም እንላለን። ሁልጊዜም ያስላል። ግን ይሄኛው የትኛው ነው?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ሙናዊር ደወለ።

“አንቺ በር ላይ ምን ነበርሽ? መጋረጃ?”

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።

“ስሚ ሪሃና። አባዬን ከያዘው አይችለውም። እኔ ደግሞ መምጣት አልችልም፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነኝ። እማዬ ሰው ፊት ይሉኝታ ይይዛታል። ያለሽው አንቺ ነሽ።”

ያለሁት እኔ ከሆንኩማ...

ከሰዓት ልብስ ሳጥብ ተለማመድኩ። “ይቅርታ፣ መግባት አይቻልም።” ለሳፋው አሳምሬ ነገርኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 2

እንደገና መጡ። አብደላ እስካሁን ከቤት አልወጣም፣ ሳይብስበት አልቀረም ተባብለው። ዛሬ ጋሼ ጥላሁንም አብረው ነበሩ። አብነት ታክሲ ተራ ያስከብራሉ። ከጩኸቱ ብዛት ድምፃቸው ሁልጊዜ እንደሻከረ ነው።

በሩን ትንሽ ከፍቼ በሁለት እጄ መቃኑን ያዝኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋ።

“አ... አይገባም።”

“ምን አለች?” አለች ፋኢዛ።

ድገሚው ቢሉኝ አልደግመውም ነበር። ጋሼ ጥላሁን አዩኝ። ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

“አልሰማችሁም? ሞልቷል ነው የምትለው! ትርፍ አይጫንም! ወደኋላ፣ ወደኋላ፣ የሚቀጥለውን ጠብቁ!”

ሰዎቹ ሳቁ። እትዬ ሸዋገነት “ይሄ ሰውዬ እሑድም ሥራ አይፈታ” እያሉ ተመለሱ። ፋኢዛ ብቻ አልሳቀችም። “የታመመ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ከበር መመለስ... የት ነው ያየነው?” ብላ ሄደች። ለእኔ ነው።

ጋሼ ጥላሁን ግን አልሄዱም። “በይ ንገሪኝ። ምንድን ነው ነገሩ?” አሉ። ነገርኳቸው። ነርሷ ያለችውን፣ እንዳልታመመ፣ እንዳይታመም እንደሆነ። ቀስ ብዬ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ግን እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።

“ታዲያ ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት?” አሉ። አልተቆጡም። ባዶ ጀሪካን ገለበጡና ከመስኮቱ ውጭ ተቀመጡበት።

“አብደላ! በር ዘግተህ ብቻህን ሳምቡሳ ትበላለህ አሉ!”

“በጾም?” አለ አባዬ ከውስጥ።

“ታዲያ ለዚህ አይደል በሩን የዘጋኸው!”

አባዬ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ጋሼ ጥላሁን ከሥራ ሲመለሱ በየቀኑ ይመጣሉ። አይገቡም። በመስኮቱ ነው የሚያወሩት። የአብነትን ወሬ ያመጣሉ፣ ታክሲ ውስጥ ማስክ አላደርግም ብሎ ስለተጣላው፣ በአንድ ማስክ ለሁለት ስለተሳፈሩት ባልና ሚስት። አባዬ ከአስር ሰዓት ጀምሮ ይጠብቃቸዋል።

ዛሬ ዝናብ ያዛቸው። እማዬ አላስቻላትም። “ኧረ ይግቡ ጋሼ ጥላሁን፣ ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?” አለች።

“ተይ እባክሽ። እኔ የስንቱን ሰው ትንፋሽ ስምግ ነው የምውለው። የአብደላ ደረት አይችልም።”

ጃኬታቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ወሬያቸውን ጨረሱ። ጫማቸው ውስጥ ውሃ ገብቶ ሲሄዱ ይጮኽ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

አልመጡም። ትናንትም አልመጡም። አባዬ “ሥራ በዝቶበት ይሆናል” አለ። ለማን ነው የሚለው?

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

አምቡላንስ መጣ። ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች። ጋሼ ጥላሁን በእግራቸው ሄደው ነው የገቡት። ግን ሁለት ቦታ ቆም ብለው ተነፈሱ። ወደ መስኮታችን ዞረው እጃቸውን አነሱ። አባዬ እየሰገደ ነበር፣ አላያቸውም። እኔ አየሁ። እጄን አነሳሁ። አይተውኝ ይሆን?

እትዬ ሸዋገነትንም ወደ ማቆያ ወሰዷቸው። ከሁላችንም ከአፍንጫችን ናሙና ወሰዱ። ዓይኔ አለቀሰ።

አሁን ግቢው በሙሉ በሩን ዘግቷል። ቧንቧው ጋ ሰው የለም። የሚያናግረኝ የለም፣ የሚስመኝ የለም። እንዲህ ነበር የምመኘው? ደስ አላለኝም። ደክሞኛል...

ዓርብ፣ ግንቦት 14

አባዬ ትንፋሽ አጠረው። ከቀትር በኋላ ነው። የሚስበውን መድኃኒት ሰጠነው፣ አልረዳውም። ከንፈሩ ጠቆረ። እማዬ “ሆስፒታል!” አለች። እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያዘው ማለት ነው? ያዘው? ሁላችንም ያሰብነው እሱን ነው፣ ማንም አላለውም።

“በሩን...” አለ።

ከፈትኩት። ግቢው ባዶ ስለሆነ ከፈትኩት። ነፋስ ገባ። ከኋላው ተቀምጬ ጀርባውን ደገፍኩት። አጥንቱ ይሰማኛል። መቼ እንዲህ ከሳ? መድኃኒቱን ደገምንለት። እማዬ ውሃ ስትሰጠው ጾሙን ፈታ፣ እምቢ አላለም። ቀስ እያለ ተመለሰ።

ሲሻለው መጀመሪያ ያለው “ጥላሁን ደውሏል?” ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 16

ዒድ። ቤት ውስጥ ሰገድን። አዲስ ልብስ የለም፣ እንግዳ የለም። እማዬ ትንሽ ሥጋ ሠራች።

ከሰዓት ስለ ናሙናው ስልክ ተደወለ። ሦስታችንም ነፃ ነን! እማዬ እዚያው ሱጁድ ወረደች። እኔ ሳቅኩ ወይስ አለቀስኩ... አላውቅም። አባዬ ስልኩን ነጠቃት።

“ጥላሁንስ? ጎረቤታችን ጥላሁን?”

የደወለችው ልጅ አላውቅም አለችው። ስልኩን እንደያዘ ቆየ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 25

ጋሼ ጥላሁን ሞቱ። ትናንት።

ለቀብር የተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከግቢው ማንም አልሄደም። እድሩም ድንኳን አልተከለም። ስንቱን ቀባሪ በሰልፍ አሳፍረው ይልኩ የነበሩ ሰውዬ...

አባዬ ሲሰማ ጋቢውን ለበሰ።

“ወዴት?” አለች እማዬ።

“ደጃፉ ላይ ልቀመጥ።”

“ማን አለና? ሸዋገነት እንኳ አልተመለሰች።”

“ልቀመጥለት።”

“አብደላ! እሱ ዝናብ ላይ የተቀመጠልህ ለምን ነበር? ወጥተህ እንድትሞት ነው?”

እንደዚህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። አባዬ ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

አሰብኩ። ገብተው ቢሆን... እንደዚያ ቅዳሜ እኔ ጎኔን ሰጥቼ ባሳልፋቸው፣ በየቀኑ አልጋው ጫፍ ላይ ከአባዬ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጡ ነበር። በሽታው ውስጣቸው የገባው መቼ ነው? እሳቸውም ሳያውቁት። ዛሬ ሁለት ለቅሶ ይሆን ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 27

እትዬ ሸዋገነት ተመለሱ። ነፃ ናቸው ተብሏል። መኪናው ከግቢው በር ላይ አውርዷቸው ሄደ። በጥቁር ልብስ፣ በእጃቸው ትንሽ ከረጢት። ማንም አልተቀበላቸውም።

ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው። ጋሼ ኪዳነ ማርያም ከመስኮታቸው “እግዚአብሔር ያጽናሽ” ብለው መስኮቱን ዘጉ። ፋኢዛ በሯ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፣ አልቀረበችም። እትዬ ሸዋገነት ቤታቸውን ከፈቱ፣ ወደ ውስጥ አዩ፣ አልገቡም። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። አልጮኹም። ቀኑን ሙሉ እንደዚያው። ለጎረቤት ለቅሶ መጀመሪያ የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ።

እማዬ ምግብ ሠርታ ወስዳ አጠገባቸው አስቀመጠችና መጣች። እሷም ከአባዬ አጠገብ መራቅ ፈርታለች።

“ከዚህ ቤት ሰው መቀመጥ አለበት” አለ አባዬ። “ሙናዊርን ጥሪው። ካልመጣ እኔ ነኝ።”

“ሱቁን ለማን ትቶ ይመጣል? አንተ ደግሞ አትሄድም።”

“እኔ እሄዳለሁ” አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ ይመስል።

“ምን ትያቸዋለሽ?” አለች እማዬ። ስድብ አይደለም። እውነቷን ነው የጠየቀችው።

አሁን እያሰብኩበት ነው። ነገ ፊቴን ታጥቤ፣ ጥቁር ሻሽ አስሬ፣ ማስኬን አደርጋለሁ። ዱካ ይዤ እሄዳለሁ። ራቅ ብዬ ነው የምቀመጠው፣ ለአባዬ ስል። ስለምርቅ ጮክ ብዬ መናገር ይኖርብኛል። ግቢው ሁሉ ይሰማል። ፋኢዛም ትሰማለች። ይስሙ።

“እትዬ፣ አባቴ ነው የላከኝ” እላለሁ። “ራሱ ያልመጣው ደረቱ ስለማይችል ነው። ጋሼ ጥላሁን ይህን ያውቁ ነበር። በዝናብ ውጭ የተቀመጡት ለዚህ ነው። አባቴ በሕይወት ያለው እሳቸው ስላልገቡ ነው።”

ከዚያ በኋላ የምለው የለኝም። ካለቀሱ አለቅሳለሁ። ዝም ካሉ ዝም እላለሁ፣ እሱን እንኳ እችላለሁ። እስኪመሽ ግን ከዚያ አልነሳም።