ስባሪዋ ከየት ወደቀች

ጥቅምት 6
ቀኑን ሙሉ ነፋስ። ሻይ ውስጥ አሸዋ፣ ጆሮ ውስጥ አሸዋ። ከሰዓት ከጉድጓዱ ግርጌ አንዲት የሸክላ ስባሪ አገኘሁ። ከረጢቷ ላይ “ሦስተኛው የአፈር ንብብር” ብዬ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ በደስታ የሚሆነውን አጣ። “የንብብሩን ዕድሜ አገኘሽልን!”
ቆፋሪው ጋሼ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ እቺ እኮ ጠዋት ከላይ ከተናደው አፈር ጋር የወረደች ነች። በዓይኔ አይቻለሁ።”
“ጋሼ፣ እርስዎ ቁፋሮዎን ይቆፍሩ” አልኳቸው።
ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ...

ጥቅምት 7
ከተናደ አፈር የተገኘ ነገር ለብቻው ከረጢት አለው። ለተማሪዎች ይህን የማስተምረው እኔው አይደለሁ?

ጥቅምት 9
ከሦስተኛው ንብብር የአሸዋ ናሙና ወሰድን። አሸዋው ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ካየ ስንት ዓመት እንደሆነው ቤተ ሙከራ ይለካዋል። ስለዚህ ብርሃን እንዳይነካው ሥራው በጥቁር ሸራ ውስጥ ነው። ቦታውን በሚስማር የጫርኩት እኔ፣ ቱቦውን በመዶሻ ያስገቡት ጋሼ። ሸራው ሲነሳ አየሁ። ቱቦው ከምልክቴ ንቅንቅ አላለም። የጋሼ ላብ ይንጠባጠባል።

ታኅሣሥ 20
ውጤት መጣ። አሸዋው አሥራ ሁለት ሺህ ዓመት። ስባሪዋ በአሠራሯ ከሦስት ሺህ አትዘልም። በአንድ ንብብር ውስጥ ይህ አይሆንም።
“ያበላሹት ሽማግሌው ናቸው” አለ ፕሮፌሰሩ። “ሸራው ውስጥ አልታያቸው ብሎ ቱቦውን ዝቅ አድርገው አሮጌው አሸዋ ውስጥ መትተውታል። ዓይናቸው ደክሟል። ለሚቀጥለው ዙር ሌላ ሰው እንፈልጋለን።”
እዚያው ደውሎ ይህንኑ ነገራቸው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ... ጥፍሬን እያየሁ።

ታኅሣሥ 23
ባሌ “ምን ሆነሻል?” አለኝ። ደክሞኝ ነው አልኩት። ውሸት ለመደብኝ መሰለኝ።

ጥር 5
ስባሪዋ ከተናደው አፈር እንደሆነች ተናገርኩ። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ፣ “ስባሪዋ ስትወድቅ ያየ ሰው ነበር?”
“ጋሼ። ነግረውኝ ነበር።”
“ነግረውሽ!”
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለጉባኤ የላክነው ጽሑፍ ይመለሳል። ስባሪዋን ወደ ተናደው አፈር ከረጢት አዛወርኳት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።
ከዚያ ለጋሼ ደወልኩ። ይቅርታ ለማለት ስንት ጊዜ ተንተባተብኩ... ሁሉንም ነገርኳቸው። የተሳሳቱት እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ አልኳቸው። ቆጣ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
“ተይ እንጂ ልጄ! ታዲያ ዓይኔ ደህና ነው ማለት ነው?” ሳቃቸው ተሰማኝ። “እኔ እኮ መቼም የተማረ ሰው አይሳሳትም ብዬ፣ መነጽር አሠራሁ። አድርጌው ስሄድ ያደናቅፈኛል።”