ቀድማ «ሄሎ» ስላላለች እናቴ

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የዓይን ግፊት ሕመምተኛ የሆነች የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ወደ ቢሮዎ ስደውል የሚያነሳ ስላጣሁ ነውና ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ የስልክ ክፍሏን ሠራተኛ አሰናብተው በምትኳ በሆስፒታሉ የስልክ ማዞሪያ በኩል በራሱ ወደ ውጭ የሚደውል ሶፍትዌር ስላስገቡልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ እንደሚያስረዳው፣ ሶፍትዌሩ የቀዶ ሕክምና ተራ ለደረሳቸው ሰዎች ይደውላል፤ ስልኩ ሲነሳ የሰው ድምፅ ይጠብቃል፤ ድምፅ ከሰማ መልእክቱን ያሰማል፣ ካልሰማ ጊዜ ሳያባክን ዘግቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ተራዋን ስትጠብቅ ለነበረችው እናቴም ደወለ፤ እንግዲህ ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ነው። እናቴ ስልክ ስታነሳ ቀድማ «ሄሎ» ብላ አታውቅም። እሷ ዘንድ በር ያንኳኳ ሰው ራሱ ማንነቱን ይናገራል እንጂ ባለቤቱ ዝም ብሎ አይለፈልፍም፤ ስልክም እንደዚያው ነው። ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች። እህቶቿም ደንበኞቿም ይህን ስለሚያውቁ ገና ስታነሳው «እንዴት ዋልሽ» ይሏታል። የእርስዎ ሶፍትዌር ግን ከእሷ የባሰ ጨዋ ነውና እሱም ዝም አለ። ተከባብረው ዝም ተባባሉና ዘጋባት። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። እናቴም አንድ ባለጌ እየደወለ ይዘጋብኛል ስትል ምሬቷን ነገረችኝ።

ሁለተኛ፣ ባለጌውን ልገሥጽ ብዬ በቁጥሩ መልሼ ስደውል፣ መስመሩ ለወጪ ጥሪ ብቻ እንደሚያገለግል እጅግ ባማረ ድምፅ ስለተነገረኝ አመሰግናለሁ። የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ ድምፁ አልጠቀሰም። መናገር እንጂ መስማት የማይወድ መሥሪያ ቤት ስልኩንም በራሱ አምሳል ማስተካከሉ ያስመሰግነዋል።

ሦስተኛ፣ ተራችን ለምን ዘገየ ብለን ስንመጣ የካርድ ክፍሉ ባለሙያ ስክሪኑን አይቶ «ተደውሎላቸው ፈቃደኛ አልሆኑም» ሲል በአንቱታ ስለነገረን ክብር ይስጥልን። ወይ ጉድ! መርፌ ላይ ክር የሚያስገባላት ሰው ፍለጋ ጎረቤት የምትጣራ ሴት ዓይኔን አልፈልግም አለች! አንዲት ቃል ሳትጠየቅ ዝምታዋ እንቢታ ተብሎ ገባ። ባለሙያው ሶፍትዌሩ ያሰፈረውን እሱ መሰረዝ እንደማይችል፣ እንደ አዲስ ተራ መያዝ እንዳለብን በትሕትና አስረዳን። እኛም ያዝን፤ ምን ምርጫ አለን?

አዲሱ ተራ ደርሶ ሐኪሙ መብራቱን ዓይኗ ውስጥ ሲያበራ ብዙ ቆየ። ግፊቱ ነርቩን ጨርሶታል፣ ከእንግዲህ ቀዶ ሕክምናውም የሚመልሰው ብርሃን የለም አለን። ቀኝ ዓይኗ ቀድሞ የጠፋ ነው፤ የቀራት ይኸው ነበር። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ የአክብሮት ቃል አለቀብኝ። የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍናዋለች፤ ደንበኞቿም ያልተሰፋ ጨርቃቸውን አንድ በአንድ እየመጡ ወሰዱ። እሷ ግን እስከ ዛሬ የምትወቅሰው ራሷን ነው፤ አንድ ቃል ብተነፍስ ምን ነበረበት እያለች።

ስለዚህ የማመለክተው ቀላል ነገር ነው። ሶፍትዌርዎ ሰው ቤት ሲደውል ቀድሞ ሰላም ይበል፤ ካልሆነለትም ዝም ያለውን ሰው ሁሉ እንቢ አለ አይበል። ይህ ለእናቴ አይደርስላትም፤ ለሚቀጥለው ሰው ይደርስ ይሆናል።

የሆስፒታሉ ዕድገትና የእርስዎ ሹመት ያለ አንዳች ጥሪ መቋረጥ እንዲቀጥል የሚመኙልዎ፣ አገልግሎትዎን ጠግበው የተመለሱ፣
ልጅና እናት።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ሶፍትዌርዎ ደወለ። ደግነቱ ያነሳሁት እኔ ነበርኩና «ሄሎ» ስል መናገር ጀመረ፤ የእናቴን ስም ጠርቶ፣ በአገልግሎታችን ከረኩ አንድን፣ ካልረኩ ሁለትን ይጫኑ አለ። ጥያቄው የእሷ ነውና ስልኩን ሰጠኋት። የስልኩን መስተዋት በመዳፏ ዳበሰችና ሁለት የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጣቷን ይዤ አደረስኩላት።