ተንበርክኮ ስለ ተገኘ ድል ለግራዝማች አላምረው

ለክቡር ጌታዬ ለግራዝማች አላምረው፣ የወንበራ ደጋችን ሹም፣ የጠበኞች አስታራቂ፣ በየዓመቱም የገና ጨዋታችን ዳኛ፤

ጌታዬ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከቅናት በቀር ደህና ነኝ። የእርስዎን ጤና፣ የቤተ ሰብዎን ጤና፣ የበቅሎዎን ጤና፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና አምላክ እንዲጠብቅልን ሌት ተቀን እለምናለሁ፤ ዓይንዎን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት ደብዳቤው እየተነበበ ሲሄድ ይገለጥልዎታል።

ይህን ጽሑፍ ለብቻዎ ልልክልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን የእርስዎ ፍርድ በአደባባይ የተሰጠ ስለሆነ ምስጋናውም በአደባባይ ይሁን ብዬ፣ ቅዳሜ ገበያ ሞልቶ ሳለ በዋርካው ሥር ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ለቄስ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሰጥቼዋለሁ። በድፍረቴ እንዳይቀየሙኝ አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉትን ያስታውሱልኝ። በእኛ አገር ይህ ፈቃድ እስከ ጥምቀት ድረስ የጸና ነውና፣ ከከተራ በፊት የቀረችኝን ጥቂት ቀን ዝም ብዬ ላሳልፋት አንጀቴ አልቻለም።

ለማያውቀኝ ገበያተኛ ማንነቴን ልናገር። እኔ ምንውየለት የላይ ሰፈር የገና ቡድን አባት ነኝ። በአገራችን ልማድ በገና ያሸነፈው ቡድን አባት ነጩን የበግ ለምድ ከእርስዎ እጅ ተቀብሎ፣ በጥምቀት ዕለት እሱን ደርቦ፣ ጎበዛዝቱን እየመራ ከታቦቱ ፊት ወደ ወንዙ ይወርዳል። ያ ለምድ ለብዙ ጥምቀት ከእኔ ትከሻ ወርዶ አያውቅም። ባለቤቴ ሙሉነሽ እንኳ መጀመሪያ ያየችኝ እሱን ለብሼ ነው፤ ባልለብሰው ኖሮ ታየኝ እንደ ነበር ጠይቄያት አላውቅም፤ መልሱን ስለምፈራ። ዘንድሮ ግን ለምዱ ለታች ሰፈሩ ቡድን አባት ለሰጠኝ ተሰጥቷል። እንዴት እንደ ተሰጠው ነው እንግዲህ ነገሬ።

አንደኛ። ሰጠኝ ማለት ከዳንግላ በኩል መጥቶ እዚህ ጎጆ የወጣ ወጣት ነው። እግሩ ረጅም ነው፣ ጥርሱም ያምራል፤ ይህን የምጽፈው እያመመኝ ነው። ይህ ሰው ሩሩን፣ ያቺን የጨዋታችንን ኳስ፣ ከመለጋቱ በፊት ፊቱን ያማትባል፣ የገና ዱላውን ይሳለማል፣ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ሩሩን ካገባ በኋላ ደግሞ በግንባሩ ተደፍቶ መሬት ይስማል፤ ሰው ሲያነሣውም «የእኔ ሥራ አይደለም፣ የገብርኤል ነው» ይላል። መልአኩ ሦስቱን ሕፃናት ከእሳት ሊያወጣ መውረዱን ዳዊት እስከ ደገምኩበት ድረስ ሰምቻለሁ፤ ሩር ሊለጋ ወንበራ ድረስ መውረዱን ግን ከአንድም መጽሐፍ አላገኘሁም። ይልቁንም የከነከነኝ ሌላ ነው። እኔም ሳገባ እጮኻለሁ፣ እዘላለሁ፣ ደረቴን እደቃለሁ፤ የእኔን ሰው ሁሉ «ጉረኛ» ይለዋል፣ የእሱን ግን «ትሑት» ይለዋል። ጌታዬ፣ ሁለታችንም የምንለው እኮ አንድ ነገር ነው፤ እዩኝ ነው።

ሁለተኛ። ጨዋታው በጋለ ሰዓት ሰጠኝ ሩሩን ከሁለት ጉልበቱ መካከል አድርጎ ተንበረከከ። ከእኛ ወገን አንዱ ጎበዝ ሩሩን ሊያወጣ ዱላውን ሲያነሣ፣ እርስዎ ከመቀመጫዎ ብድግ ብለው፣ ዓይንዎ እንባ አቅርሮ፣ «በጸሎት ላይ ካለ ሰው አጠገብ ዱላ ያነሣ አለንጋ ይጠብቀዋል» ብለው ደነገጉ። ጎበዙ ዱላውን ጣለ። ሰጠኝም ጸሎቱን ተረጋግቶ ጨርሶ፣ አሜን ብሎ፣ ተነሥቶ፣ ማንም በሌለበት ሜዳ ሩሩን ወስዶ አገባት። ስለዚህ ጥልቅ መንፈሳዊነትዎ ምስጋናዬን በምን ቃል ልግለጥ? ከእንግዲህ የሰው በሬ ሲነዳ የተያዘ ሁሉ እዚያው እንዲንበረከክ እመክረዋለሁ፤ በእርስዎ ሕግ አሜን እስኪል ድረስ የሚነካው የለምና።

በዚያን ጊዜ ከአሶሳ ዓባይን ተሻግሮ ጨውና ጥጥ የሚያመጣልን ነጋዴ ማህጁብ አህያውን ይዞ ከሜዳው ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። እስላም ስለሆነ ገናችን አይመለከተውም፤ ሰው ስለሆነ ግን ዓይን አለው። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «እኛ አገር ሰው ሲሰግድ ዕቃ መሬት ያስቀምጣል። ይሄ ሰውዬ ዕቃ ይዞ ይሰግዳል። ወላሂ፣ ሰላት ነው ወይስ ንግድ?» መልሱን ከእርስዎ ልጠይቅለት ብዬ አለንጋውን ፈራሁ።

ሴቶቻችን ግን መልሱን በዘፈን አገኙት። እንዲህ ሲሉ አወረዱት፦

ሰጠኝ ተንበርክኮ አገባት ሩሪቱን፤
ቆሞ የቀረው ሰው እንዴት ይያት ሚስቱን።

ክቡር ጌታዬ፣ ከዘፋኞቹ ሁሉ ድምፅዋ ከፍ ብሎ የተሰማው ሙሉነሽ ናት። ከዚያም ቤት ስንገባ፣ እግሬን በምታጥብልኝ ጊዜ፣ «ሲንበረከክ ግን እንዴት ያምርበታል» አለች። ይህንን እንደ በደል ይቁጠሩልኝ አልልም፤ ሚስት የምትናገረውን ሹም አይዳኘውም። ነገር ግን እግሬ በእጅዋ ሳለ ስለ ሌላ ሰው ጉልበት ማውራትዋን እግዚአብሔርም ገበያውም ይስማልኝ።

ሦስተኛው በደል ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ እሱ የሆነው በማግስቱ፣ በመለያው ጨዋታ ነው። ሁለታችንም እኩል ነበርን። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች፣ አንድ ያገባ ለምዱን ይወስዳል። ሩሩ ተወርውራ ከሜዳው መካከል ስታርፍ እኔና ሰጠኝ ከወዲህና ከወዲያ እኩል ደረስን። ጉልበቱ እንደ ልማዱ ሲታጠፍ አየሁ። ቢንበረከክ ዱላ ማንሣት አልችልም፤ ስለዚህ፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔ ቀድሜው ተንበረከክሁ። እሱም ተንበረከከ። ሩሩ ከሁለታችን መካከል ነበረች። የእሱ ቡድን አባቱን አይቶ ተንበረከከ፤ የእኔም ቡድን ከእነሱ በሃይማኖት ላለማነስ ተንበረከከ፤ ተመልካቹ ሕዝብም ነገሩ ምሕላ መስሎት ከነሴቱ ተንበረከከ። ሁሉም በጸሎት ላይ ነው፤ በሁሉም አጠገብ ዱላ ማንሣት በአለንጋ ያስቀጣል። መጀመሪያ የተነሣ ሰው ደግሞ ከፈጣሪው ይልቅ ሩሩን የወደደ ሊባል ነው። በአባቶቻችን ዘመን ገና ሲጫወቱ እግር ይሰበር ነበር ይባላል፤ በእርስዎ ዘመን ግን እግር የሚጎዳው በመደንዘዝ ሆነ።

በዚያች ሰዓት የጸለይሁትን አልደብቅም። ጸሎቴ አንዲት ነበረች፦ ጌታ ሆይ፣ ሰጠኝን አስነጥሰው። ቢያስነጥስ ይንቀሳቀሳል፣ ከተንቀሳቀሰ ጸሎቱ ፈረሰ ብዬ ለዳኛ እጮኻለሁ። ሰጠኝ ግን አላስነጠሰም። ይልቁንም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማው፣ «ጌታ ሆይ፣ የታላቅ ወንድሜን የምንውየለትን እግር አበርታለት፤ እንደ ድሮው ይሩጥ» ብሎ ጸለየልኝ። እንደ ድሮው! ሕዝቡም «አሜን» አለ። የሙሉነሽን አሜን ከመካከሉ ለየሁት። ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፣ በገና ሜዳ ያልተሰደበ ማን አለ? እንዲህ አሜን የሚባልበት ስድብ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

እንግዲህ ሁላችንም እንዲህ ተደፍተን ሳለ የማህጁብ የዐስር፣ ማለት የከሰዓት በኋላው፣ ሰላት ሰዓት ደረሰ። በዚያም ቀን ከሜዳው ዳር የቆመው ማህጁብ ማንንም ሳይረብሽ፣ የአህያውን ገመድ ከድንጋይ ሥር አስገብቶ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ወደ ጅረቱ ወርዶ ታጠበና ማንም በማያየው ቦታ ለብቻው ሰገደ። በዚያን ቀን በሜዳውና በዙሪያው ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንድ ሰው በእርግጥ ጸልዮ እንደሆነ እሱ ይመስለኛል። ያ አንድ እውነተኛ ጸሎት ግን እኔን ለምዴን አስከፈለኝ። ገመዱ ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ አህያው ተፈታ፤ እኛ ከምንጠብቀው ወይራ፣ ከግባችን ምልክት፣ ሥር ለምለም ሣር አለና፣ አህያው ወደ ሣሩ በሜዳው መካከል አቋርጦ መጣ፤ በእኔና በሰጠኝ መካከል ሲያልፍ ሩሩን በፊት እግሩ መታት፤ ደግሞም በኋላ እግሩ መታት፤ ሩሩም እየተንከባለለች ከወይራው አለፈች። እኔ ዓይኔ እያየ ተንበርክኬ ቀረሁ። ምን ላድርግ? በጸሎት ላይ ነበርሁ።

እርስዎም ፈረዱ። «ይህ የሰው እጅ የሌለበት የአምላክ ፍርድ ነው፤ የሰጠኝ ጸሎት ተሰምቷል፤ እግዚአብሔር በበለዓም አህያ ተናግሮ የለም ወይ?» ብለው ለምዱን ለሰጠኝ አለበሱት። መጽሐፍ ስለ ጠቀሱልን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ጥቅሱን ወዳጆችዎ ሙሉውን እንዲያነቡልዎ በትሕትና አሳስባለሁ። በዚያ ታሪክ መልአኩን ያየችው አህያይቱ ናት፤ ያላየው ከላይ የተቀመጠው ጌታዋ ነው። ስለ ዓይንዎ ጤና አጥብቄ የጸለይሁት ስለዚህ ነው።

ማህጁብ ከሰላቱ ሲመለስ ጩኸቱን ሰምቶ ደንግጦ ነበር። አህያው ተአምር መሥራቱን ሲነግሩት እጁን በልቡ ላይ አድርጎ፣ «ጌታው፣ አህያዬ ክርስቲያን አይደለም፣ እስላምም አይደለም። ሣር ነው የፈለገ» ብሎ መሰከረ። ምስክርነቱን ግን «ነጋዴ ስለ ሃይማኖት ምን ያውቃል» ብለው አልተቀበሉትም። እኔ ብቻ ተቀበልሁት፤ እኔ ደግሞ ተሸናፊ ነኝ፣ ተሸናፊን ማን ይሰማዋል።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ገበያተኛው «ምንውየለት ቀና» እንደሚል አውቃለሁ። አዎን፣ ቀንቻለሁ! ሰጠኝን በቅናት ዓይን ሳየው ራት አልበላልህ ይለኛል። በጉልበቱ እቀናለሁ፣ በትሕትናው እቀናለሁ፣ ጉልበቱ ባረፈበት ሣር እንኳ እቀናለሁ። ሮጦ ቢያሸንፈኝ ኖሮ እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ለምዱን በራሴ እጅ ባለበስሁት፤ ይህን ስል ግን ራሴም ሙሉ በሙሉ አላምነኝም። የሚያቃጥለኝ አለመሸነፌ ነው። ሰው ሲሸነፍ ያለቅሳል፣ ይወጣለታል፤ እኔ ግን ከሰው ጋር ስሮጥ አልተሸነፍሁም፤ ከሰው ጋር ተንበርክኬ ለአህያ ተፈረደብኝ። ከእንግዲህ በየጥምቀቱ ከለምዱ ኋላ ስሄድ ማን እንዳሸነፈኝ ሳላውቅ ልሄድ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ናት። ከከተራ በፊት አንድ ጨዋታ ይፍቀዱልን። የሚጸልይ ሁሉ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይጸልይ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ቆመን እንጫወት፣ ሚናችንን፣ ወገናችንን፣ ለይተን፣ ዱላችንን አንሥተን። ሰጠኝ በእግሩ ካሸነፈኝ ለምዱም የእሱ፣ ዘፈኑም የእሱ ይሁን፤ ሙሉነሽም እንደ ልብዋ ትዘፍን። ካልፈቀዱልኝ የጥምቀት ዕለት ከኋላ ሆኜ እከተላለሁ፤ ከታቦት ጋር አልጣላም። ዓይኔ ግን ታቦቱን አያይም፤ ለምዱን ብቻ ያያል። የዚያ ኃጢአት ከእኔና ከእርስዎ በየትኛችን እንደሚጻፍ ለማወቅ ሌላ ዳኛ ያስፈልገናል።

ለረጅሙ ዕድሜዎ፣ ለሰፊው ግዛትዎ፣ ላልተበገረው ወንበርዎ እጅ እየነሣሁ፣ በእርስዎ ፍርድ ሥር ተንበርክኮ መነሣት ያቃተው፣ ድሮ ይሮጥ የነበረ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ምንውየለት፣ የላይ ሰፈር የገና ቡድን አባት
ጥር ፫ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓመተ ምሕረት፣ ወንበራ

የተረሳ ነገር፦ ማህጁብ ከጥምቀት በኋላ ወደ አሶሳ ይመለሳል። እዚያ የወንበራ ክርስቲያኖች ገና ማን አሸነፈ ብለው ቢጠይቁት ምን እንደሚል ቸግሮት ጠየቀኝ፤ እኔም ሳስበው ዋልሁ። በዚያች ሰዓት በሜዳው ላይ ሳይንበረከኩ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፦ እርስዎና አህያው። እርስዎ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሁለቱ ተነሥቶ ሥራውን የሠራው አህያው ነውና፣ የእሱን ስም እንዲናገር ነግሬዋለሁ።