ሰባት ጊዜ የበራው የዶካ ስክሪን

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ። ዝናብ። አስሩም ስክሪኖች በርተዋል፤ ኮምፒውተሬ ላይ አስር አረንጓዴ ነጥብ። ከየቴሌቪዥኑ ጀርባ መዳፍ የምታክል ሳጥን አለች። የጫንኩባት ሲስተም ቀላል ነው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ከወንበሬ ሳልነሳ የፋርማሲውን ማስታወቂያ፣ የምግብ ቤቱን ምስል እቀያይራለሁ። አሪፍ ሥራ... ግን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሙከራ ላይ ነኝ። ካላዩ የሚባለው አለቃዬ «አንድ ደንበኛ ከተወን በቃ፣ ሃና» ብሏል። በቃ ማለት ወደ ሰሊጥ አረም መመለስ ነው። ወገቤ ገና አልረሳውም።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ዶካ ከተማ ያለው የሱዳናዊው እስማኤል ምግብ ቤት ስክሪን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠፋ። ከዚህ አበራሁት። ጠፋ። አበራሁት። ጠፋ... ሰባት ጊዜ። እልህ ያዘኝ። ሰባተኛው ላይ በርቶ ቀረ፣ ጥብሱ እየጨሰ። አሸነፍኩ።

ማታ ነጥቡ ቀላ። ምን ሆነ ደግሞ?

ነሐሴ 2፣ አርብ

አሁንም ቀይ። ሳጥኗ ጭራሽ አትመልስም። ሙቀት? ኔትወርክ? እስማኤል ክረምቱን እርሻው ላይ ነው፣ እዚያ ስልክ አይደርሰውም። ካላዩን ምን ልበለው?

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ዶካ ሄድኩ። ጭቃው አንዱን ጫማዬን አስቀረብኝ። የምታስተናግደው ለተሃይማኖት የምትባል ትልቅ የትግራይ ሴት ናት። የስክሪኑን ነገር ሳነሳባት አማተበች።

«ሰይጣን ገብቶበታል፣ ጓለይ፣ ልጄ። ጾመኞቹ ሲመጡ በሪሞት አጠፋዋለሁ፣ ሰው ሳይነካው ይበራል። ሰባት ጊዜ። ጠበል ረጨሁበት፣ ጸጥ አለ።»

ለካ ፍልሰታ ገብቷል! ከመተማ የሚሻገሩት አራሚዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ፉል ሊበሉ ይመጣሉ፣ እኔ ከገዳሪፍ ሆኜ ዓይናቸው ላይ ጥብስ እጠብሳለሁ። እንዴት አፈርኩ...

«ሰይጣኑ እኔ ነኝ፣ አደይ» አልኳት።

ነገሩን ሳስረዳት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ፣ «አንቺስ ትጾሚያለሽ?»

«አዎ።» ዋሸሁ። ጠዋት እንቁላል በልቻለሁ።

ደግነቱ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጠበሉ ያራሳትን ሳጥን ከፍተን አሰጣናት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተነሳች።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

የእስማኤል ስክሪን ላይ እስከ 15 ድረስ ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ በ16 ንጋት ጥብስ። ቀኑን ሞላሁት፣ በራሱ ይቀየራል። ለካላዩ ሁሉንም ነገርኩት። «እስማኤል ይመለስና እሱ ይወስን» አለ።

ውሸቷም ከበደችኝ። ከዛሬ ጀምሮ እየጾምኩ ነው።

ነሐሴ 9፣ አርብ

ራበኝ።

ነሐሴ 16፣ አርብ

በማለዳ ስልክ። እስማኤል፣ ከእርሻው ተመልሶ።

«ያ ሃና፣ ስክሪኑ ላይ ጥብስ አለ።»

«አዎ፣ ጾሙ ተፈታ እኮ።»

«ዛሬ ጁምዓ ነው። አርብ። ሐበሾቹ ዛሬም ሥጋ አይበሉም። እኔ ሙስሊሙ ላስታውስሽ?»

ካላዩ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። በቃ፣ አለቀልኝ... ፉሉን መለስኩት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ፉሉ ታየ» አለ እስማኤል። «ረቡዕና አርብን ለዓመቱ ሙሉ አስገቢልኝ። ጾመኛው በዝቷል፣ ፉሉ አልበቃ ብሎናል። ገላባት ለምከፍተውም አዲስ ምግብ ቤት ስክሪን እፈልጋለሁ። አንቺው ያዢው፣ ሌላ ሰው እንደ አዲስ አላስተምርም።»

ካላዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙከራው እዚህ ላይ ይብቃ» አለና ወንበሬን መስኮቱ አጠገብ፣ ንፋስ ያለበት ቦታ ወሰደልኝ።

አስር አረንጓዴ ነጥብ። ለጾም መፍቻ ብዬ ከቤት ያመጣሁት የእንቁላል ፍርፍር ፊቴ ተከፍቷል። ለተሃይማኖት ትዝ አለችኝ። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።

ለነገ።